ያችት ከውጭ ገዝቶ አህጉር ማቋረጥ ምን ይጠይቃል? ከጉዱማሌ ዳር የተሰላ ሒሳብ

ቅዳሜ ከሰዓት ጉዱማሌ ሐይቁ ዳር ቁጭ ያለ ሰው የሚያየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግማሹ ሰልፊ ይነሳል፣ ሞተር ጀልባው ሰው እስኪሞላለት ይጠብቃል፣ አንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ የዱባይ ወይም የሞናኮ ያችት ቪዲዮ ለጓደኞቹ ያሳያል። «ይቺን ሀዋሳ ላይ ባመጣት!» ሳይባል የሚያልፍ ቅዳሜ የለም። ውጭ አገር ያሉ ተከታታዮቻችንም በኢንቦክስ ደጋግመው ይጠይቁናል፦ ያገለገለ የሞተር ያችት ገዝቶ፣ ራስ ነድቶ፣ ከአውሮፓ እስከ አፍሪካ መምጣት ይቻላል ወይ?

አጭሩ መልስ፦ ይቻላል። ግን አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ዋጋው ላይ አይደለም። የሚሳሳተው ውሃውን ሳይመርጥ ጀልባውን በመምረጡ ነው። እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ «አህጉር ማቋረጥ» የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ። ስፔንንና ሞሮኮን የሚለየው የጂብራልታር ባሕረ ሰርጥ በጠባቡ ቦታ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ የሀዋሳ ሐይቅ ርዝመቱ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ኢስታንቡል ላይ አውሮፓንና እስያን የሚለየው ቦስፎረስ ደግሞ በጠባቡ ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ «ሁለት አህጉር በያችት አቋረጥኩ» የሚል ፖስት ስታዩ የትኛው መስመር እንደሆነ ጠይቁ። በሰዓት 25 ኖት የምትሄድ ያችት (ወደ 46 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሆኑ ነው) ጂብራልታርን በ20 ደቂቃ ውስጥ ትጨርሰዋለች። አትላንቲክ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ልዩነቱ ያለው ከጀልባዋ ሆድ ነው። ሁለት ዓይነት የሞተር ያችት አለ ብላችሁ ያዙ። አንደኛዋ ፍጥነት ስትጨምር ከውሃው በላይ ብድግ ብላ የምትንሸራተተዋ ናት። ኢንስታግራም ላይ የምታዩአት እሷ ናት፤ ታምራለች፣ ትፈጥናለች፣ ነዳጅ ትጠጣለች። ሁለተኛዋ ውሃውን እየገፋች ቀስ ብላ የምትጓዘው ወፍራሟ ናት። ይህችኛዋ ምንም ያህል ሞተር ብትጭኑባት ከተወሰነ ፍጥነት አትወጣም፤ ፍጥነቷን የሚወስነው ውሃው ላይ ያረፈው ርዝመቷ ነው። 12 ሜትር ከሆነ ጣሪያዋ 8.4 ኖት አካባቢ ነው፤ ብስክሌት በሉት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ፈጣኗ ያችት እያንዳንዳቸው 600 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች አሏት እንበል። በጥሩ ፍጥነት ስትሄድ በሰዓት ወደ 180 ሊትር ናፍጣ ትበላለች። ታንኳ 2,000 ሊትር ቢይዝ 11 ሰዓት ሄዳ ትቆማለች፤ ያ ማለት 275 ኖቲካል ማይል ገደማ (አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው)። ዝግተኛዋ በ7 ኖት ስትሄድ በሰዓት 10 ሊትር ቢበቃት፣ ከካናሪ ደሴቶች እስከ ካሪቢያን ያለውን 2,700 ኖቲካል ማይል በ16 ቀን ትጨርሳለች። የምትፈልገው 3,860 ሊትር ነው፤ ላይ 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር ወደ 4,630 ሊትር። መሀል ባሕር ላይ ማደያ የለማ! ሻሸመኔ መግቢያ ላይ ጀሪካን ይዞ የሚቆም ልጅም የለም።

ሰው ይህን ጉዞ በትንሽ ጀልባ ማድረግ ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1902 «አቢየል አቦት ሎው» የምትባል 12 ሜትር እንኳን የማትሞላ የላምባ ሞተር ጀልባ ከኒውዮርክ ተነስታ በ36 ቀን እንግሊዝ ፋልመዝ ደርሳለች። ላይዋ ላይ የነበሩት አባትና የ16 ዓመት ልጁ ብቻ ናቸው። በእኛ ዘመን ደግሞ ኖርድሃቭን የተባለው ፋብሪካ 12 ሜትር ገደማ የሆነች ሞዴሉን እ.ኤ.አ. በ2002 ዓለምን አስዙሮ አምጥቷታል። ሁለቱም ዝግተኞች ናቸው። ረጅም መንገድ የሚሄደው ፈጣኑ አይደለም፤ ታንከሩ ነው።

ግዢው ላይ እንምጣ። ቪትዝ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። መኪና ሻንሲ ቁጥር እንዳላት ሁሉ ጀልባም ከኋላዋ በቀኝ በኩል የተቀረጸ መለያ ቁጥር አላት፤ ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። አውሮፓ የተሠሩ ጀልባዎች ላይ ደግሞ የምድብ ሰሌዳ አለ፦ «ኤ» ለውቅያኖስ፣ «ቢ» ከባሕር ዳር ርቆ ለመሄድ (ሞገድ እስከ 4 ሜትር)፣ «ሲ» ለባሕር ዳርና ለትልልቅ ሐይቆች (እስከ 2 ሜትር)፣ «ዲ» ለተከለለ ውሃ። ሻጩ «ይቺ የትም ትሄዳለች ወንድሜ» ካላችሁ ሰሌዳውን አሳየኝ በሉት። ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ደረጃ ብዙ ሰው ለመቆጠብ ሲል ይዘለዋል፤ በኋላ የሚያለቅሰውም በእሱ ነው። በተለመደው አሠራር ገዢው በዋጋ ከተስማማ በኋላ 10 በመቶ ቀብድ ያስይዛል፣ ውሉም «ምርመራውን ካለፈች» በሚል ቅድመ ሁኔታ ይፈረማል። ከዚያ ገዢው ራሱ የቀጠረው ገለልተኛ መርማሪ ይመጣል። ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ሆዷ በመዶሻ እየተቆረቆረ ይደመጣል፣ እርጥበቷ በመሣሪያ ይለካል (ፋይበርግላስ ውሃ ከጠጣ እንደ ፍንጣጣ ያብጣል)፣ የሞተር ዘይቷ ናሙና ለላቦራቶሪ ይላካል፣ መጨረሻ ላይ ባሕር ላይ ወጥታ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ ይሞከራል። መርማሪውን ሻጩ ወይም ደላላው «እኔ አለኝ፣ ታማኝ ነው» ብሎ ካመጣላችሁ በትህትና አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዕዳ ነው። በባሕር ሕግ አሠራር ያልተከፈለ የሠራተኛ ደሞዝ፣ የነፍስ አድን ሥራ ክፍያና የመሳሰለው ዕዳ የሚከተለው ጀልባዋን ነው፤ የቀድሞ ባለቤቷን ብቻ አይደለም። እናንተ ንጹሕ ገንዘብ ከፍላችሁ የገዛችኋት ያችት በሦስተኛው ወደብ ላይ በሌላ ሰው ዕዳ ልትታሰር ትችላለች። ስለዚህ ገንዘቡ ከመተላለፉ በፊት በተመዘገበችበት አገር መዝገብ ላይ ማስያዣ እንደሌለባት ማጣራት፣ በሽያጭ ሰነዱም ላይ «ከዕዳ ነጻ» የሚል ቃል ማስገባት ግድ ነው።

ሦስተኛው ቀረጥ ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የምትሸጥ ያችት ተጨማሪ እሴት ታክስ የተከፈለባት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሊኖራት ይገባል። ጣሊያን ላይ መጠኑ 22 በመቶ፣ ግሪክ ላይ 24 በመቶ ነው። ለምሳሌ 150,000 ዩሮ የሆነች ያችት ያለ ማስረጃ ጣሊያን ላይ ብትያዝ ጥያቄው 33,000 ዩሮ ነው። በርካሽ የሚቀርብ ነገር ለምን እንደረከሰ መጠየቅ አይከፋም።

በነገራችን ላይ ቴሌግራም ላይ በፎቶ ብቻ «ያችት በቅናሽ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን እያየን ነው። ቀብድ በግለሰብ አካውንት አይላክም፤ በደላላ ድርጅት የደንበኞች አካውንት ወይም በጠበቃ በኩል ነው የሚያዘው። ሻጩን ቀጥታ ቪዲዮ ደውላችሁ መለያ ቁጥሩ ድረስ ሄዶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ካሜራው ሁሌ «ተበላሽቶ» ከሆነ በቃ፣ ገባችሁ።

ግዢው አለቀ እንበል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ መግዣው ላይ አይታይም። ባለ ጀልባዎች ዘንድ የተለመደው ግምት በዓመት የዋጋዋን 10 በመቶ መያዝ ነው፦ ማሰሪያ ቦታ፣ ኢንሹራንስ፣ ከውሃ አውጥቶ ቀለም መቀባት፣ ሞተር ሰርቪስ። ከላይ ያነሳናት የ150,000 ዩሮ ያችት ቆማ ብትውል እንኳን በዓመት 15,000 ዩሮ ትጠይቃለች። አሮጌ ስትሆን ደግሞ ዋጋዋ ይወርዳል እንጂ ጥገናዋ አይወርድም።

አሁን ለእኛ ለሐበሾች ለብቻው የሚነሳውን ጉዳይ እናንሳ፦ ባንዲራና ፓስፖርት።

ጀልባ ዓለም አቀፍ ውሃ ላይ ስትወጣ የአንድ አገር ባንዲራ ሊኖራት ይገባል። ባንዲራዋ ሊብሬዋ ነው በሉት። «እኛ ወደብ የለንም፣ ባንዲራ ይከለከላል» የሚል ሐሳብ ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። ባሕር አልባ አገሮች በባንዲራቸው የመቅዘፍ መብት እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ1921 ባርሴሎና ላይ እውቅና አግኝቷል። ተራራ እንጂ ባሕር የሌላት ስዊዘርላንድ ባሕር ላይ የሚሄዱ ያችቶችን ባዝል ከተማ ባለው ቢሮዋ ትመዘግባለች። በእኛ አገር የመርከብ ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንን ነው። ዳያስፖራው ግን ብዙውን ጊዜ ቀላል የሚሆንለት በሚኖርበት አገር ማስመዝገብ ነው። ይህም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ኮስት ጋርድ የፌዴራል መዝገብ ለመግባት ባለቤቱ ዜጋ መሆን አለበት፣ ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስቴት ደረጃ ወደ ማስመዝገብ ይሄዳል።

ወደብ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ከታሪካችን አንድ መርከብ እናስታውስ። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፤ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የሠራቻት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ለእኛ የተሰጠች። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸች። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ለብረት ዋጋ ተሸጠች። ያችትም ብትሆን መርከብ፣ የምትታሰርበት ቦታ ከሌላት ዕድሜዋ አጭር ነው።

ፓስፖርቱ ደግሞ አስቂኝ ነገር ይፈጥራል። ነዋሪነታችሁ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሆኖ ጀልባዋም ከኅብረቱ ውጭ ከተመዘገበች፣ ጀልባዋ ያለ ታክስ እስከ 18 ወር አውሮፓ ውስጥ መቆየት ትችላለች። እናንተ ግን በሸንገን ቪዛ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚፈቀድላችሁ፤ ያውም ቪዛውን ካገኛችሁ። ጀልባዋ ከባለቤቷ የተሻለ መብት አላት ማለት ነው! የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በያችት ሲጓዝ እያንዳንዱ ወደብ ድንበር ነው፤ ቪዛ የሌለበት አገር ሲደርስ ከጀልባው ላይወርድ ይችላል። ኬንያና ሲሸልስ ለእኛ ቀለል ካሉት ውስጥ ናቸው።

መንጃ ፈቃድስ? ብዙ የአውሮፓ አገሮች ይጠይቃሉ፤ ኢንሹራንስም ያለሱ አይገባም። የእንግሊዙ የያችት ማኅበር የሚሰጠው ትምህርት በብዙ አገር ይታወቃል። የመነሻው የትንሽ ጀልባ ኮርስ ሁለት ቀን ነው፣ «ዴይ ስኪፐር» የሚባለው የሞተር ጀልባ የተግባር ኮርስ አራት ቀን። የሬዲዮ ፈቃድ ለብቻው አለ። አራት ቀን የተማረ ሰው ግን ውቅያኖስ ይሻገራል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያ ዓመት ልምድ ካለው ካፒቴን ጋር ቢወጣ ይሻላል።

ወደ ቤት የሚመጣውን መስመር እንየው። ከሜዲትራኒያን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አጭሩ መንገድ ስዌዝ ነው። 193 ኪሎ ሜትሩን ቦይ ትናንሽ ያችቶች አብራሪ ተጭኖላቸው፣ ኢስማኢሊያ አድረው፣ በሁለት ቀን ያልፉታል። ከስዌዝ እስከ ጅቡቲ ደግሞ ወደ 1,300 ኖቲካል ማይል አለ፤ ዝግተኛዋ ስምንት ቀን ገደማ ይፈጅባታል፣ ፈጣኗ ቢያንስ አራት ጊዜ መሀል ላይ ነዳጅ መቅዳት አለባት። የት ትቅዳ? ግብፅ ላይ ችግር የለም። ከዚያ በታች ያለው ጠረፍ የሱዳን ነው፤ እዚያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጦርነት ገባ። ከዚያው ዓመት ኅዳር ጀምሮ ደግሞ ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን መምታት ጀመሩ። ብዙ ኢንሹራንስ ይህን ውሃ ከውሉ ያወጣዋል ወይም ለብቻው ያስከፍላል። በጀልባዋ ላይ ቤተሰብ ጭኖ በዚህ መስመር ማለፍን እኛ አንመክርም፤ እዚህ ላይ ማሽሞንሞን አያስፈልግም።

ሌላው አማራጭ ያችቷን በሌላ መርከብ ማስጫን ነው። ለዚህ የተሠሩ መርከቦች አሉ፦ ራሳቸውን ውሃ ሞልተው ዝቅ ይላሉ፣ ያችቶቹ እየነዱ ይገባሉ፣ ከዚያ ውሃው ወጥቶ መርከቡ ከነያችቶቹ ብድግ ይላል። የሚያስቀው ዓለምን «የዞሩ» ብዙ ያችቶች ግማሹን መንገድ የሄዱት እንዲህ ተጭነው ነው።

እና ሀዋሳ? ጅቡቲ ደረሰች እንበል። ከዚህ በኋላ ያለው ባሕር አስፋልት ነው። በዚህ በኩል አገራችን ልምድ አላት። «ጣና ነሽ 2» በ2017 ዓ.ም ከጅቡቲ በተሽከርካሪ ተጭና፣ የዓባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ ባሕር ዳር ስትገባ ፌስቡክና ቲክቶክ በእሷ ቪዲዮ ተጥለቅልቆ ነበር። ከእኛ በፊትም ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1913 ፓፐንቡርግ ላይ የሠሯትን መርከብ ፈታትተው፣ በ5,000 ሳጥን አሽገው፣ በዳሬሰላም በኩል በባቡር ወስደው ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ገጥመዋታል። ዛሬ «ሊየምባ» የምትባለው እሷ ናት። በጦርነቱ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ሰጥማ፣ ከዓመታት በኋላ ወጥታ እንደገና ሠርታለች።

አንድ ሰው ግን እንደዚያ አይነት ጉዞ በግሉ አይችለውም። ወሳኙ ቁጥር የጎን ስፋቷ ነው። የኮንቴይነር የውስጥ ስፋት 2.35 ሜትር ነው፣ ርዝመቱ ለትልቁ 12 ሜትር። ስፋቷ ከ2.2 ሜትር የማይበልጥ ጀልባ ኮንቴይነር ውስጥ ገብታ እንደማንኛውም ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትደርሳለች፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ የለመድነው ነው። መኝታ ቤትና ሳሎን ያላት ያችት ግን ስፋቷ 4 ሜትር ገደማ ነው። ልዩ ተሽከርካሪ፣ የመንገድ ፈቃድ፣ ኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያነሳ ሰው፣ ድልድይ የሚለካ መሐንዲስ... ወጪው ከጀልባዋ ዋጋ ጋር መፎካከር ይጀምራል። የጉምሩክ ቀረጡን ገና አልነካነውም።

ደርሳ ውሃ ስትነካም ሌላ ነገር ይጠብቃታል። ሀዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,690 ሜትር ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ 17 በመቶ ገደማ ጎድሎበታል። 40 ፈረስ ብላችሁ የገዛችሁት 33 ሆኖ ይሠራል፣ ለባሕር የተገጠመለት ፕሮፔለርም ይከብደዋል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ በቀለለ መቀየር አለበት። ይህን ሳያውቅ «ሞተሩ ፎርጅድ ነው» ብሎ ከሻጭ ጋር የሚጣላ ሰው አይጠፋም።

ከዚያ ደግሞ ቦታው። በ25 ኖት የምትሄድ ያችት የሐይቁን ርዝመት በ21 ደቂቃ ትጨርሰዋለች። በዚያ 21 ደቂቃ ውስጥ የዓሣ አጥማጆች መረብ አለ፣ ፕሮፔለር ላይ የሚጠመጠም ሣር አለ፣ ጉማሬ አለ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የፈሰሰ ናፍጣና ዘይት የትም አይሄድም፣ አሞራ ገደል ላይ የምንበላው ዓሣ ውስጥ ነው የሚቀረው። ለሀዋሳ ጠፍጣፋ ሆድ ያላት፣ 6 ወይም 7 ሜትር የሆነች፣ አንድ ሞተር የኋላዋ ላይ የተንጠለጠለባት ጀልባ ከማንኛውም የሞናኮ ያችት የተሻለች ናት ብለን እናምናለን። ኮንቴይነርም ውስጥ ትገባለች።

ያችት ላይ ባለቤት ሳይሆኑ ሠራተኛ ሆኖ መሄድ የሚፈልጉም ይጽፉልናል። ለእነሱ አንድ ነገር፦ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕረኞች የሥራ ስምምነት ቀጣሪ ኤጀንሲ ከባሕረኛው የምልመላ ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ፓስፖርት፣ የባሕረኛ ደብተርና የጤና ምርመራ የራሳችሁ ወጪ ሊሆን ይችላል። «ሥራ ላገባህ ይህን ያህል ሺህ ብር አስገባ» የሚላችሁ ሰው ግን ወደ መርከብ አይወስዳችሁም። በአገር ውስጥ ሕጋዊውን መንገድ ማየት የሚፈልግ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ያለውን የማሪታይም ማሠልጠኛ ይጠይቅ፤ ከዚያ የወጡ የመርከብ መሐንዲሶች ዛሬ ውቅያኖስ ላይ እየሠሩ ነው።

ውጭ አገር ጀልባ ገዝታችሁ የምታውቁ፣ ወይም በኮንቴይነር አስመጥታችሁ ሐይቅ ላይ ያወረዳችሁ ካላችሁ፣ የከፈላችሁትን ቀረጥና የፈጀባችሁን ጊዜ ኢንቦክስ አድርጉልን፤ ስማችሁን ሳንጠቅስ እንጨምርበታለን። ጉዱማሌ ላይ ለዛሬ የምትሳፈሩ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሳ ውጡ፤ የሕይወት አድን ጃኬቱን ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ አታውልቁት።